የሳተላይት ኢንተርኔቱ ሸጋ ነው፣ የሸጠልኝ ሰው ግን አቃጠለኝ

ሦስት ሳምንት እናቴ ጋ ቆይቼ ተመለስኩ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ውጭ እየኖራችሁ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ገጠር ላሉ ቤተሰቦቻችሁ የሳተላይት ኢንተርኔት ለማስገባት ላሰባችሁ ነው። አስገቡላቸው። ግን እኔ የተቃጠልኩበት ነገር እናንተን እንዳያቃጥላችሁ።

ከእማዬ ጋር የምናወራው በሳምንት አንዴ ነበር። እሷ ኔትወርክ ወደሚያገኘው ኮረብታ ትወጣለች፣ እኔ እዚህ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ዘንድሮ ጉልበቷን አመማትና ኮረብታው አቃታት። ድምጿን ሳልሰማ ወር ያለፈበት ጊዜ አለ። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ፋይበሩ፣ ማለትም የኢንተርኔቱ ገመድ፣ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ነው የጠበቀኝ፤ ራውተሩን ሰካሁ፣ አለቀ። እዚያ ግን ለጥቂት አባወራ ብሎ ያን ሁሉ ተራራ ቆፍሮ ፋይበር የሚዘረጋ አይገኝም።

ከመሄዴ አንድ ወር በፊት ዲሹን የሚሸጥና የሚገጥም ሰው በሰው በሰው አገኘሁ። ስሙን አልጠራም። የዲሹን፣ የገጠማውንና የመጀመሪያውን ወር ክፍያ አንድ ላይ ጠየቀኝ፣ ሙሉውን ላክሁ። «እህቴ፣ አንቺ በደረስሽ ማግስት እንገጥማለን» አለኝ። ደረስኩ። ማግስቱ አለፈ። በሦስተኛው ቀን «መኪና ተበላሽቶብኝ ነው» አለ። በአምስተኛው ቀን ስልኩን አላነሳም። የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ከሃያ አንድ ቀን ውስጥ ዘጠኙን በር በሩን ስመለከት አሳለፍኩ። እማዬ «ተይው ልጄ፣ አንቺን በዓይኔ ካየሁ ይበቃኛል» ስትለኝ ይብስ አበሳጨኝ።

መጥቶም ዲሹን ግቢው ውስጥ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ ተከለው። ጣሪያ ላይ መውጣት አልፈለገም። ስልኩ ላይ «ኦንላይን» የሚል ጽሑፍ አሳየኝና ሄደ።

በዚያ ምሽት ወንድሜ ጋ ቪዲዮ ኮል ደወልን። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ግን በየጥቂት ደቂቃው ይቆማል። እማዬ ስክሪኑ ላይ የደረቀውን የልጇን ፊት በጣቷ ትነካካለች። «ምን ሆነ? ታመመ እንዴ?» ትለኛለች። ምክንያቱ የገባኝ በማግስቱ ነው፣ ሰውየው ግን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። የእነዚህ ሳተላይቶች ነገር ድሮ ከምናውቀው የተለየ ነው። የድሮው ሳተላይት 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆኖ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ካለንበት ሲታይ አንድ ቦታ የቆመ ነው። ዲሹ አንዴ ከተነጣጠረ በቃ። አዲሶቹ ግን በጣም ዝቅ ብለው ነው የሚበሩት። ስታርሊንክና ዋንዌብ የሚባሉ የሳተላይት ኢንተርኔት ኩባንያዎች አሉ፤ የስታርሊንኮቹ ወደ 550 ኪሎ ሜትር፣ የዋንዌቦቹ 1,200 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። በ550 ኪሎ ሜትር የሚበረው ምድርን በ95 ደቂቃ ገደማ ይዞራታል። ከእኛ ጣሪያ በላይ ያለው አንዱ ሳተላይት በደቂቃዎች ውስጥ ያልፍና ሥራውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ስታርሊንክ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 በአንድ ጊዜ 60 ሳተላይት አምጥቆ የጀመረውና ዛሬ ሺዎች የደረሰው ለዚሁ ነው፤ ጥቂት ከሆኑ ሰማዩ ባዶ ይሆናል። ዲሹ ቆሞ ሳለ የሚልክበትንና የሚቀበልበትን የሬዲዮ ጨረር ብቻ እያዞረ ይከተላቸዋል። ስለዚህ ሰፊ ሰማይ ማየት አለበት። ሳተላይቱ በእኛ ዛፍ ጀርባ ባለፈ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። የዲሹ አፕ ላይ የሰማዩን ካርታ ሳየው ግማሹ ቀልቷል፣ የተጋረደ ማለት ነው፤ የቅርንጫፎቹ ቅርጽ ራሱ ይለያል።

ከወንድሜ ልጅ ጋር መሰላል ተውሰን ዲሹን ጣሪያው ላይ አወጣነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አፑን እያየች «አክስቴ፣ ትንሽ ወደዚህ፣ አሁን ተይው» እያለች እሷ ናት ያስተካከለችው። ቀይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ያለውን መዘግየት ለካሁት፣ 48 ሚሊሴኮንድ፤ የአንድ ሰከንድ ሃያኛ እንኳ አይሞላም። በድሮው ሳተላይት ድምፅ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ እስኪወርድ ግማሽ ሰከንድ ያልፍ ነበር፤ ሁለት ሰው እየተቋረጠ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲባባል ነው የሚያመሸው። አሁን እማዬ ሳቀች፣ ወንድሜም አብሮ ሳቀ። እኩል! እኔ ማእድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ የአንድ ሕፃን ቁስል ፎቶ አንስታ ሆስፒታል ላለ ሐኪም የላከችው ከእኛ አጥር ሥር ቆማ ነው። መልሱ ሳትሄድ መጣላት። ማታ ማታ የሠፈሩ ተማሪዎች ይሰበሰባሉ። ያኔ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ግን ማን ይከፋዋል።

ይህን ሁሉ እያመሰገንኩ ሳለ በአሥራ አምስተኛው ቀን ኢንተርኔቱ ጠፋ። ዝናብ መስሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል። ዝናቡ ቆመ፣ ኢንተርኔቱ አልመጣም። ሰውየው ጋ ኮረብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ። «ወሩ አልቋል፣ ክፈይ» አለኝ። ከተገጠመ ገና ስድስት ቀኑ ነው! ለካ ዲሹን በራሱ ስምና በራሱ አካውንት ካስመዘገበው ቆይቷል። ወሩ መቆጠር የጀመረው እኔ ገና አውሮፕላን ሳልሳፈር ነው። ያስከፈለኝ ወርሃዊ ሒሳብም ኢንተርኔቱን የሚሰጠው ኩባንያ ራሱ ከሚያስከፍለው እጥፍ መሆኑን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ለኩባንያው ጻፍኩ። በትህትና መለሱልኝ፦ አካውንቱ የእርስዎ ስላልሆነ ስለሱ ልናነጋግርዎ አንችልም። በሕጉ ልክ ናቸው። የገንዘቡ ባለቤት እኔ፣ ጣሪያው የእናቴ፣ ፓስወርዱ ግን የማላምነው ሰው እጅ። እኔ ባለሁበት አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመኝ ለባንኬ ደውዬ ክፍያውን አስመልስ ነበር። እዚያ የነበረኝ ልመና ብቻ ነው። ሰውየው ዲሹን ከአካውንቱ ለማውጣት «የዝውውር» የሚል ሌላ ክፍያ ጠየቀ። ልመለስ አራት ቀን ቀርቶኛል። ከፈልኩ። አውጥቶ እስኪጨርስ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ እኛ በእህቴ ስም አዲስ አካውንት ከፍተን ዲሹን ያስመዘገብነው ግን በሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ! መጀመሪያውኑ ራሳችን ልናደርገው የምንችለው ነገር ነበር።

ስለዚህ አደራ፣ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ዲሹ በማን ስም እንደሚመዘገብ ጠይቁ። እዚያው ቤት ባለ ሰው ስም ይሁን፤ ፓስወርዱን ሌላ ሰው እንዳይዘው። ሌላ ሰው የተጠቀመበት ዲሽ የምትገዙም ብትሆኑ፣ የቀድሞው ባለቤት ከአካውንቱ ሳያወጣው አትክፈሉ። ኩባንያው በዚያ አገር የመሥራት ፈቃድ እንዳለውም አረጋግጡ።

መብራትም አስቡበት። የእኛ ዲሽ በአማካይ 75 ዋት ይበላል። ቀንና ሌሊት ቢበራ 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፣ ለአምፖልና ለስልክ የተገዛች ትንሽ ሶላር አትችለውም። እኛ ሌላ ፓኔልና ባትሪ ጨምረን ማታ ስንተኛ እናጠፋዋለን። አነስ ያለ፣ ግማሹን ያህል የሚበላ ዲሽም አለ፤ ብነገር ኖሮ እሱን እገዛ ነበር።

ሰውየው ገንዘቤን እስካሁን አልመለሰም። መልእክቴን ያነበዋል፣ አይመልስም።

እማዬ ጋ አሁን በየቀኑ እንደዋወላለን። ትናንት እያወራን ምስሏ ቆመ። ሁለት ሰከንድ ያህል ነው። ሲመለስ የወንድሜ ልጅ አፑን ከፍታ እያየች ነበር። «አክስቴ፣ ቅርንጫፉ አድጓል» አለችኝ፣ መጋዙን ፍለጋ ወጣች።