ጅማ ውስጥ ቄብ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከነገው ገበያ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ከዶሮ ሻጩ ዘንድ አሁን ገና ተመልሼ ነው። ንዴቱ አልበረደልኝም። ግን ነገ ሐሙስ ነው፤ ሰውዬው አዲስ ጭነት ያወርዳል። እስኪበርድልኝ ከጠበቅኩ ሌላ ሰው ይታለላል።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። መርካቶ አካባቢ የፕላስቲክ ሳጥን ደርድረው «የ2 ወር ተኩል ቄብ፣ ከቢሾፍቱ የመጣ፣ ክትባት የጨረሰ» የሚሉት ናቸው። ፈንግል፣ ጉምቦሮ እያሉ ተከተቡ የሚሏቸውን የዶሮ በሽታዎች ስም ይደረድራሉ። ዶሮዋን ያነሱና ክንፏን ዘርግተው «ይኸው፣ ሴት ናት» ይላሉ። እኔም ከፋሲካ በኋላ ከጡረታዬ ባጠራቀምኩት ሳሶ የሚባለውን ዝርያ 20 ገዛሁ። በቄብ ዋጋ። ራሴ ልምረጥ ስል «እትዬ፣ እጅዎ ለምን ይቆሽሻል? እኔ እመርጥልዎታለሁ። ልጆቼ ይሙቱ፣ ሁሉም ሴት ናቸው» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ለዶሮ ደረሰኝ?» ብሎ አለፈው።

ከ20ዎቹ 13ቱ አውራ ሆነው ቁጭ አሉ።

በዚህ ዝናብ ሰጋቱራ ስቀይር፣ መኖ ስሸከም የከረምኩት ለእንቁላል ብዬ ነው። የመኖን ዋጋ የሚያረባ ሰው ያውቀዋል። አሁን የሰኔ ጾም ላይ 13 አውራ ይዤ የት እሄዳለሁ?

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን እግራቸውን አስሬ ወሰድኩለት። ገንዘቤን መልስ አላልኩም። በሴት ቀይርልኝ ነው ያልኩት። ከተቀመጠበት አልተነሳም። «ያኔ ትንንሽ ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ወንድና ሴት አይለይም። ሐኪም እንኳን አይለየውም። ዕድልሽ ነው» አለኝ። ረዳቱ ልጅ ሳቀ። «አውራም ዶሮ ነው፣ ወጥ ሥሪበት» አለ። የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ልጅ ነው።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እገባ ነበር። ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አንድ ሰው በባጃጅ መጣ። ለሆቴል የሚገዛ ነው፤ ይተዋወቃሉ። «ወንድ ወንዱን አድርግልኝ» አለ። ሻጩ በአገጩ ወደ ሳጥኑ አመለከተ። ልብ በሉ፣ ሳጥኑ «የ2 ወር ተኩል ቄብ» የሚባለው ነው። እኔ የገዛሁት ዓይነት፣ እኔ በገዛሁበት ዕድሜ። ልጁ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ እያወራ ጎንበስ አለ። አንዱን አወጣ፤ አውራ። ሌላውን አወጣ፤ አውራ። አንዷን ያዘ፣ አናቷን አየት አደረገ፣ መለሳት። ከዚያ እንደገና አውራ። የሰውዬው ጆንያ እስኪሞላ ድረስ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ወሬውን እንኳን አላቋረጠም።

«አይለይም አላልከኝም?» አልኩት ሻጩን። ቀና ብሎም አላየኝም። «እሱ ደንበኛዬ ነው» አለ።

በእውነት ነው የምላችሁ፣ ከብሩ ይልቅ ያቺ መልስ ናት ያቃጠለችኝ። እኔ ፊት፣ አስሬ ያመጣኋቸው ሁለቱ አውራዎች እግሬ ሥር ተኝተው፣ ሊደብቀው እንኳን አልሞከረም። ሒሳቡም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሳሶ ለእንቁላልም ለሥጋም የሚሆን ዝርያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወንድና ሴቱ ሳይለይ ነው ከማስፈልፈያ የሚወጣው። ቄብ ደግሞ ከአውራ ይወደዳል። ሴቶቹን ለሚያውቋቸው እንቁላል አርቢዎች ያወጣሉ። አውራው ሲተርፋቸው፣ ተመልሳ ብትመጣም ምንም አታመጣም ለሚሏት ሴት በቄብ ዋጋ ያሸክማሉ።

ውሸቱ የሚያሳምነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ የተመረቀ የጎረቤቴ ልጅ አስረድቶኛል። የአንድ ቀን የሳሶ ጫጩት ከሆነ በዓይን መለየት በርግጥ ይቸግራል፤ ፊንጢጣውን አይቶ የሚለይ ሙያተኛ ይፈልጋል። ቦቫንስ ብራውን የሚባለው የእንቁላል ዝርያ ግን በተፈለፈለበት ቀን በቀለሙ ይታወቃል፦ ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ። ኮይኮይክ የሚባለው ዝርያም ሲያድግ አውራው ከሴቷ ይነጣል። ክንፍ ዘርግቶ መለየት የሚባለው ደግሞ የሚሠራው ለዚያ ተብሎ በተዳቀለ ዝርያ ላይ፣ ያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ነው። የ2 ወር ተኩል ሳሶ ክንፍ ዘርግቶ «ሴት ናት» የሚላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው።

በዚያ ዕድሜ አናቱን እዩ። አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ደማቅ ቀይና ትልቅ ከሆነ፣ አገጩም ሥር መንጠልጠል ከጀመረ አውራ ነው። የሴቷ ገና ትንሽና ፈዛዛ ነው። የአውራው እግር ወፈር ይላል። ሦስት ወር ሲጠጋ ደግሞ ወገቡ ላይ፣ ጅራቱ ሥር ያለው ላባ ሾል እያለና እያብለጨለጨ ይመጣል፤ የሴቷ ጫፉ ክብ ነው።

እጃችሁ ይቆሽሽ፣ ራሳችሁ ምረጡ። ደረሰኝ ካልሰጠ «ሁሉም ሴት ናቸው፤ አውራ ከሆነ እቀይራለሁ» ብሎ በእጁ ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።