ፒአርፒ በባሕር ዳር፦ ለፀጉሬ አዎ፣ ለእማዬ ጉልበት በከፊል፣ ለፊት ግን ቆም በሉ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ላይ ሁለት ሴቶች ቡና ላይ ከተቀመጡ አንዷ ፒአርፒን ማንሳቷ አይቀርም፤ የራስ ደም ተቀድቶ፣ ፕላትሌት የበዛበት ክፍሉ ተለይቶ መልሶ የሚወጋበት ሕክምና ነው። የፀጉሩ መርፌ፣ የጉልበቱ መርፌ፣ የፊቱ መርፌ እየተባለ ሁሉም በአንድ ስም ይጠራል። እኔ ለፀጉሬ፣ እማዬ ደግሞ ለጉልበቷ ተወግተናል። ክሊኒኩ ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም። ስሙን አልጽፍም፤ ባለሙያ ይቀያየራል፣ ዛሬ ያመሰገንኩት ቤት ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን የትም ብትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ብታውቁ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክንዳችሁ ደም ይቀዳል። ደሙ የሚገባበት ቲዩብ እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለው። ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ የሚባል ማሽን ውስጥ ገብቶ በኃይል ይሽከረከራል። ጠላ ሲያርፍ አተላው እንደሚዘቅጠው ሁሉ ከባዱ ቀይ የደም ሕዋስ ታች ይቀራል፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ይሆናል፣ በመሃላቸው ደግሞ ልብ ካላላችሁ የማትታይ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር አለች። ፕላትሌቶቹ በብዛት ያሉት እዚያች መስመር አካባቢ ነው። ፕላትሌት ስንቆረጥ ደሙ እንዲቆም የሚያደርገው ነው። ሥራው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ ቁስል እንዲድን፣ አዲስ የደም ሥር እንዲያድግ የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖችን ይዟል። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለው። የፒአርፒ ሐሳብ ይህን ቁጥር በብዙ እጥፍ አድርጎ የታመመው ቦታ ላይ መመለስ ነው። የራሳችሁ ደም ስለሆነ አለርጂ እምብዛም አያስነሳም።

ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ጣሊያን ውስጥ በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ጥቅም ላይ ውሏል። በ1990ዎቹ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞች ያዙት። ስሙ በሰው አፍ የገባው ግን እነ ታይገር ዉድስና ራፋኤል ናዳል ለጉልበታቸው ሲጠቀሙበት ነው። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒቶች ኤጀንሲ እንኳ በ2010 ጡንቻ ውስጥ መወጋቱን ከልክሎ ነበር፣ በ2011 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። ሯጭ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ስትጠይቁኝ ስለነበር ነው ይህን ያነሳሁት።

እዚህ ክሊኒክ ከመምጣታችን በፊት ሌላ ቤት ጠይቄ ነበር። እዚያ ደሙን ወስደው ሌላ ክፍል ይገባሉ፣ ተዘጋጅቶ በሲሪንጅ ይመጣላችኋል። «ማሽኑን ማየት እችላለሁ?» አልኩ። አይቻልም አሉኝ። «ፀጉርሽ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፣ ዋስትና እንሰጣለን» ሲሉኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። የገዛ ደሜ ምን እንደተደረገ ማየት ካልቻልኩ፣ በሲሪንጁ ውስጥ ያለው የእኔ ይሁን የሌላ ሰው በምን አውቃለሁ?

አሁን የምንሄድበት ቤት በዚህ በኩል አንጀቴን አርሶታል። ማሽኑ ያለው ሕክምናው የሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ነርሷ ቲዩቡ ላይ የእማዬን ሙሉ ስም በማርከር ጻፈች። ከዚያ ቲዩቡን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «እማማ፣ ይሄ ስምዎ ነው? ያንብቡልኝ» አለቻት። እማዬ መነጽሯን አውጥታ እስከ አያቷ ስም ድረስ ጮክ ብላ አነበበች። መርፌው የወጣውም ፓኮው ፊታችን ተቀዶ ነው። ደሙ ተሽከርክሮ ሲወጣም ነርሷ ቲዩቡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ ቀዩን፣ ነጩን መስመር፣ ቢጫውን አንድ በአንድ አሳየችን።

የእኔን ልጨርስ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥብቅ ሹሩባ ስሠራ ግንባሬ ዳርና ጆሮዬ አጠገብ ፀጉሬ ሳሳ። የቆዳ ሐኪሟ መጀመሪያ መርፌ አላነሱም። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አዘዙ፤ ፀጉር በብረት እጥረትም በታይሮይድም ይረግፋል፣ ያ ከሆነ መርፌው ከንቱ ነው። ውጤቱ ደህና ሲሆን የራስ ቆዳዬን በማጉያ መነጽር አዩት። ግንባሬ ላይ ስስና አጫጭር ፀጉር አለ። ከግራ ጆሮዬ በላይ አንድ ቦታ ግን ቆዳው ለስልሶ ያብለጨልጫል። «እዚህጋ ሥሩ ሞቷል፣ ፒአርፒ የሞተ ሥር አያስነሳም። ግንባርሽ ላይ ያለው ግን ደክሞ ነው እንጂ አልሞተም፣ እሱን እንሞክራለን» አሉኝ። ክፍያ ከመቀበላቸው በፊት ነው ይህን የነገሩኝ።

ያም ሆኖ ማስረጃው በደንብ የተጠናው በዘርና በሆርሞን ለሚመጣው የፀጉር መሳሳት ነው። ለሹሩባ ጉዳት ገና ሳይጠና ነው የሚሞከረው። የተለመደው አሰጣጥ በወር አንድ ጊዜ ለሦስት ወር፣ ከዚያ ውጤቱ እንዲቆይ በየጥቂት ወሩ የሚደገም ማስታወሻ መርፌ ነው። ያማል። ማደንዘዣ ቅባት ይቀባሉ፣ ግን ግንባር ዳር ላይ መርፌው ሲገባ ዓይን ያስነባል። በማግስቱ ግንባሬ ትንሽ አብጦ ነበር፣ ወዲያው ሄደ። አሁን ግንባሬ ዳር አዲስ ፀጉር አለ፣ ሳበጥር እጄ ላይ የሚቀረውም በጣም ቀንሷል። የሚያብለጨልጨው ቦታ እንዳለ ነው። ከመርፌው ጋር ሚኖክሲዲል የሚባል የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት ማታ ማታ እቀባለሁ፣ ጥብቅ ሹሩባም ትቻለሁ፤ ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለመርፌው አልሰጥም። ሹሩባችሁን እየጠበቃችሁ ለፒአርፒ ከምትከፍሉ፣ ሹሩባውን አላልቶ መሠራት ነጻ ነው።

የእማዬ ጉልበት ሌላ ታሪክ ነው። ዓመታት ያስቆጠረ የመገጣጠሚያ መበላት ነው፣ በራጅ መካከለኛ ደረጃ ላይ ነው ተብሏል። በሁዳዴ ስግደት አቅቷት ቆማ ስትጸልይ ስታለቅስ አይቻታለሁ፤ ይህን የማያውቅ ሰው «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚህ በፊት ኮርቲዞን (እብጠትና ሕመም የሚቀንስ መድኃኒት) ተወግታ ለጥቂት ሳምንታት ተሽሏት ነበር፣ ከዚያ ተመለሰ። ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻም ከፋርማሲ እየገዛች ትውጥ ነበር።

የአጥንት ሐኪሟ መጀመሪያ ያሉት ዲክሎፌናኩን አቁሚ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የፕላትሌትን ሥራ ያደናቅፋሉ፤ ስለዚህ ከመርፌው በፊትም በኋላም ለጊዜው ይቆማሉ፣ ሕመም ቢመጣ ፓራሲታሞል ነው የሚፈቀደው። ለልብ ወይም ለደም ሥር አስፕሪን የታዘዘላችሁ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ። ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ፣ ፕላትሌቱ ያነሰ፣ ኢንፌክሽን ወይም ካንሰር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሁሉ አስቀድሞ መናገር አለበት።

ከዚያ ሐኪሟ እማዬን እንዲህ አሏት፦ «እማማ፣ ይሄ መርፌ ጉልበትዎን አዲስ አያደርገውም። ሕመሙን ሊቀንስልዎ ይችላል፣ ላይቀንስም ይችላል።» እማዬም «ልጄ፣ እውነቱን ከነገርሽኝ ይበቃኛል» አለች።

እውነቱ ደግሞ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። 288 የጉልበት መበላት ያለባቸው ሰዎች ገሚሶቹ ፒአርፒ፣ ገሚሶቹ የጨው ውሃ ተወጉ፣ ማን ምን እንደተወጋ ሳያውቁ። ከአንድ ዓመት በኋላ የፒአርፒዎቹ ሕመም ከ10 ነጥብ መለኪያ በ2.1 ቀነሰ። የጨው ውሃዎቹም በ1.8 ቀነሰ። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በካርቲሌጁ (አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል) መጠንም ቢሆን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በሌላ በኩል መገጣጠሚያን ያለሰልሳል ተብሎ ከሚወጋው ከሃያሉሮኒክ አሲድ መርፌ ጋር ሲወዳደር ፒአርፒ የተሻለ ሕመም ቀነሰ የሚሉ ጥናቶች አሉ። አዘገጃጀቱም ከቤት ቤት ይለያያል፣ የአንዱ ፒአርፒ ከሌላው ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ «ካርቲሌጅ ያበቅላል» የሚላችሁ ሰው ካለ ወንበሩን ለቃችሁ ውጡ።

በመጀመሪያው ቀጠሮ መብራት ጠፋ። ማሽኑ መሃል ላይ ቆመ። ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ግን ነርሷ ግማሽ የተሽከረከረውን ደም ጣለችውና «ነገ ይምጡ፣ እንደገና እንቀዳለን፣ የዛሬውን አንቆጥርም» አለች። እማዬ ሁለት ጊዜ ክንዷን መወጋቷ አበሳጭቷት ነበር። እኔ ግን ቤቱን ያመንኩት ያኔ ነው፤ ያንኑ ደም መልሰው ማሽከርከር ይችሉ ነበር፣ ማናችንም አናውቅም ነበር።

መርፌው የተሰጠው በአልትራሳውንድ እየታየ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ጉልበቷ ከበፊቱ ብሶ አመማት። ይህ የተለመደ ነው፣ አስቀድመው ባይነግሩን ግን እንደነግጥ ነበር። ቀስ እያለ ተሻላት። አሁን ቡና ስታፈላ ከበርጩማዋ ሰው ሳትይዝ ትነሳለች። ደረጃ ትወጣለች። ስግደት ግን አልተመለሰም፣ ሐኪሟም አልፈቀዱም፤ ቁጭ ብላ ትጸልያለች። ለውጡ የመርፌው ነው ወይስ ያዘዙላት የጭን ጡንቻ ስፖርት? ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ትሄዳለች። ጉልበት ላይ ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ከየትኛውም መርፌ በፊት የሚመከር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ አቅም የሌለው ሰው ተበድሮ ለዚህ መርፌ እንዳይከፍል፤ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒውን በደንብ ይሞክር።

ስለ ፊት አጭር ነኝ፣ ምክንያቱም እኔ አልተሠራሁም። ፊት በትንንሽ መርፌዎች ተበስቶ ፒአርፒ የሚቀባበት አለ። ለብጉር ጠባሳ ይረዳል የሚሉ ጥናቶች አሉ። «ፊት ያበራል» ለሚለው ግን የሚያሳምን ነገር አላየሁም። የእኛ ቆዳ ደግሞ በተነካ ቁጥር ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋን ታውቋታላችሁ። ሰንስክሪን ሳትቀቡ ብትሠሩት ማድያቱ ሊብስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ንጽሕናው ነው። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አንድ የውበት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ተዘግቷል። ይህን የፊት ፒአርፒ የተሠሩ ደንበኞች በኤችአይቪ መያዛቸውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት አረጋግጧል። የራስ ደም ንጹሕ ነው። አደጋው ያለው በመርፌው፣ በቲዩቡና ስም ባልተጻፈበት ደም ነው። ስለዚህ ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ሐኪም በሌለበት፣ ቅናሽ አለ ስለተባለ ብቻ እባካችሁ አትወጉ። እህቶቼ ስለሆናችሁ ነው የምለምናችሁ።

የክሊኒኩን ጉድለትም ልናገር። የቀጠሮ ሰዓት አይከበርም፤ ሦስት ሰዓት ተብላችሁ አምስት ሰዓት ትገባላችሁ፣ የመጠበቂያው ወንበር ደግሞ ለታመመ ጉልበት ዝቅ ያለ ነው። ዋጋ የሚነግሯችሁ የአንዱን መርፌ ነው። የሦስቱን፣ የማስታወሻውን፣ የምርመራውንና የአልትራሳውንዱን ደምሩልኝ በሏቸው፤ ሲደመር የሚያስደነግጥ ገንዘብ ነው። ደረሰኝ ሳትጠይቁ አይሰጡም።

ለደግነታቸው ግን አንድ ልጨምር። እማዬ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም፣ ባዶ ሆድ ደም መቅዳት ደግሞ ራስ ያዞራል። ጾሙን ግደፊ አላሏትም። ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት አሥር ሰዓት ገፉት፣ በልታና ውሃ ጠጥታ መጣች።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጣቸዋለሁ። ከዘጌ በጀልባ የምትመጡ ካላችሁ ግን የጠዋቱን ቀጠሮ ያዙ። ከሰዓት ጣና ነፋስ ያነሳል፣ አዲስ በተወጋ ጉልበት ከሚናወጥ ጀልባ መውጣትና መውረድ ከባድ ነው። የሚደግፋችሁ ሰውም አብሯችሁ ይምጣ፣ በዚያን ዕለት ሸክም አትያዙ።