ፕሮክሌመር ለገጠር አድማጭ ቡድን፦ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ጣጣው ሌላ ነው

ፕሮክሌመር ሬዲዮ የሚመስል፣ ከአዲስ ኪዳን በቀር ሌላ ነገር የማያጫውት መሣሪያ ነው። የሚያቀርበው ስሙን ከሮሜ 10፥17 የወሰደው ፌይዝ ካምስ ባይ ሂሪንግ («እምነት ከመስማት ነው») የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሱቅ ተገብቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ በቤተ እምነቶችና በአጋር ድርጅቶች በኩል ለአጥቢያዎች ይታደላል። በአማርኛም፣ በወላይትኛም፣ በሲዳምኛም የተቀዳ አዲስ ኪዳን አለ። ስትጠይቁ ታዲያ ሰባኪው የሚሰብክበትን ቋንቋ ሳይሆን እናቶች ገበያ ላይ የሚያወሩበትን ተናገሩ። ንባቡ የተጫነበት ቺፕ ስለማይጠፋና ስለማይቀየር በስህተት የመጣ ቋንቋ እንደመጣ ይቀራል።

ከኃይሉ እንጀምር። አምራቹ ሙሉ ቻርጅ 15 ሰዓት ያጫውታል ይላል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለሚሰማ ቡድን ይህ ወረቀት ላይ 30 ሳምንት ነው፤ ግን ባትሪ ተቀምጦም ይደክማል። ባዶውን ለወራት ከተጣለ ደግሞ ጨርሶ አይነሳም። ስብሰባ ባይኖርም በየሳምንቱ ፀሐይ ይሙቅ። የፀሐይ ሰሌዳው ባትሪው ባዶ ሆኖ እንኳ በቀጥታ ማሽኑን ያሠራል፤ ችግሩ የሰሌዳው ቆሻሻ ነው። እሳት በሚነድበት ጎጆ ውስጥ ያደረ ማሽን በጥቂት ሳምንት ቀጭን የጥላሸት ሽፋን ያወጣል፤ በዓይን እምብዛም አይታይም፣ ኃይሉን ግን ይሰርቃል። እርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። በአመድ ወይም በአሸዋ መፈግፈግ ሰሌዳውን ይጭረዋል። ክረምት ላይ የእጅ ማዞሪያው ባለውለታ ነው፤ ዝግ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ ይዞር። ልጆች ወፍጮ አድርገውት እያንገጫገጩ ከተጫወቱበት መጀመሪያ የሚሰበረው እጀታው ነው።

ድምፁ እስከ 300 ሰው ያሰማል ይባላል። ነፋስ በሌለበት ቀን ዛፍ ሥር ይህ የተጋነነ አይደለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን 30 ሰውም አይሰማም፤ ይህ የማሽኑ ጥፋት አይደለም፣ በከባድ ዝናብ ሰባኪም ዝም ይላል። በክረምት ስብሰባውን ዝናብ ወደማይበዛበት ሰዓት አዙሩት። ማሽኑም መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ወንበር ላይ፣ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍታ ይሁን።

የማልስማማው በአጠቃቀሙ ነው። አዲስ ኪዳን 260 ምዕራፍ ነው፤ ንባቡ ወደ 20 ሰዓት ይወስዳል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከተለቀቀ በ40 ሳምንት ያልቃል፣ ሪፖርት ላይም ያምራል። ነገር ግን በግማሽ ሰዓት ስድስት ያህል ምዕራፍ ያልፋል። ስድስት ምዕራፍ በአንዴ የሚይዝ ጆሮ የለም። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ አንድ ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ይሰማ፣ ማሽኑ ይዘጋ፣ አንድ ሰው በራሱ ቃል ይተርከው፣ ሌላው የጎደለውን ይሙላ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ጊዜ ይሰማ፣ ጥያቄው ከዚያ ይምጣ። በዚህ አካሄድ ማርቆስ 16 ሳምንት ይፈጃል፣ ይፍጅ። መጀመሪያውም እሱ ይሁን፤ የማቴዎስ የትውልድ ሐረግ አዲስ ሰው ያደክማል። (ሽማግሌዎችን አይጨምርም። ሰባት ቤት ቆጥሮ ላደገ ሰው «እገሌ እገሌን ወለደ» ጣፋጭ ነገር ነው።)

መተረኩን የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ የውጭ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ገደማ ነበሩ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10,000 ደርሰው አገኟቸው። ያኔ ማንበብ የሚችለው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ የታተመውም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ጥቂት፤ ወንጌል የሄደው ሰምቶ በሚናገር ሰው አፍ ነው። ማሽኑ ሁልጊዜ ተናጋሪ፣ ሰው ሁልጊዜ አድማጭ ከሆነ ግን የሰማውን ለጎረቤት የሚያወራ አይወጣም።

ሌላው ጣጣ ማደሪያው ነው። ወንጌላዊው ቤት ካደረ የወንጌላዊው ሬዲዮ ይሆናል፤ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ከተቀመጠ ደግሞ አይጥና እርጥበት ይጨርሱታል። በየወሩ ከቤት ቤት ይዙር፤ ተረካቢው በደብተር ይፈርም፣ የተሰማው ምዕራፍም እዚያው ይጻፍ።

በስልክና በብሉቱዝ ስፒከር አይቻልም ወይ? መብራት ባለበት ከተማ በደንብ ይቻላል፣ ይረክሳልም። ሜሞሪ ካርድ ላይ ግን ከምዕራፉ ቀጥሎ ዘፈን አለ፣ መሀል ላይም ስልክ ይደወላል። ለአንድ ዓይነ ስውር ወይም ከቤት ለማይወጣ ሰው እንደ ሜጋቮይስ ያለው ኪስ የሚገባ ማጫወቻ ይበልጣል። መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ ከ15 እስከ 30 ሰው ለሚሰበሰብበት ቡድን ግን ምርጫዬ ፕሮክሌመር ነው። ሌላ ነገር አለማጫወቱም ትልቁ ጥሩነቱ ነው።

ባትሪው ሲያረጅ ሁሉም የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ አይደፍረውም። ፈርማችሁ ከመረከባችሁ በፊት ሲበላሽ ለማን እንደሚመለስ፣ የመጓጓዣውንም ማን እንደሚከፍል ጠይቁና በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።