ማንዋል ዲዛየር ይዤ 11 ወር፣ ፍሪሲዮኑን ያተረፈልኝ የእጅ ፍሬን ነው

ያገለገለች ባለ 5 ማርሽ ሱዙኪ ዲዛየር ከገዛሁ 11 ወር ሆነኝ፣ 1.2 ሊትር ቤንዚን ናት፣ ቤቴ ፒያሳ ስራዬ ለገሃር ስለሆነ ጠዋት ቸርችልን ወርጄ ማታ እወጣዋለሁ። ልገዛ ስል ሰው ሁሉ አውቶማቲክ ግዛ፣ ካልሆነም ኤሌክትሪክ ግዛ ሲለኝ ነበር፣ በተለይ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ። እኔ ግን ማርሹን ራሴ መቀየር ነው የምወደው፣ እስካሁንም አልቆጨኝም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ግን በደልኳት። ማታ 12 ሰዓት ላይ ከጥቁር አንበሳ ወደ ላይ ያለው ሰልፍ ቀጥ ሲል ፍሬን ይዤ እንደመቆም ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚለየውን) በግማሽ ለቅቄ ነዳጅ እየሰጠሁ አንጠልጥዬ እይዛት ነበር፣ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከኋላዬ የተለጠፈውን ሚኒባስ እንዳትነካ ፈርቼ ማለት ነው፣ እና አንድ ቀን ቴዎድሮስ አደባባይ ልደርስ ስል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ የሌላ መኪና መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ ሽታው ግን ባሰ።

በነጋታው ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ድሮ ታክሲ ነድተዋል። አብረን ወጣንና ሜዳ ላይ በ4ኛ ማርሽ ቀስ ብዬ እየሄድኩ ነዳጁን ጥርግ አርጌ እንድረግጥ አረጉኝ፣ የሞተሩ ዙር ብቻውን እየወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለ የፍሪሲዮኑ ሸራ፣ ጉልበቱን በሰበቃ ይዞ የሚያስተላልፈው ሳህን፣ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የኔ ተርፋለች። ከዛ ምን አሉኝ፣ "ልጄ የእጅ ፍሬኑ ለምን የተሰራ ይመስልሃል?"

አሁን ዳገት ላይ ስቆም የእጅ ፍሬን ስቤ ዜሮ (ከማርሽ ውጭ) አስገብቼ እግሬን ከፍሪሲዮኑ ጭራሽ አነሳለሁ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ 1ኛ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ እለቃለሁ፣ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና ኮፈኑ ትንሽ ቀና ሲል እሱ ነው የሚይዝበት ቦታ፣ እግሬን እዛችው ላይ አቁሜ ነዳጅ ጨመር አርጌ የእጅ ፍሬኑን እለቃለሁ። አንድ ጣት ወደ ኋላ አትልም።

ነዳጅ ጨመር ያልኩት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሳሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከነበረው ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል፣ ስለዚ የውጭ ቪዲዮ አይተህ የሞተሩ ዙር በደቂቃ 1,200 ላይ እያለ ልነሳ ብትል ትጠፋብሃለች። እኔ 1,800 አካባቢ ላይ ነው የምነሳው፣ 2ኛ የማስገባውም 2,500 ሲደርስ ነው፣ ከዛ ቀደም ካልኩ ዳገቱ ላይ ትንቀጠቀጣለች።

ስወርድ በ2ኛ ነው። ዜሮ አርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ፣ ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኮምፒውተር ቁጥጥር የሚረጭ) መኪና ላይ ግን ተቃራኒው ነው፣ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ እየጠጣ ነው የሚወርደው፣ ያ ሁሉ ክብደት ደግሞ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፣ እግሬን ፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ማሳረፍ ለምጄ ስለነበር ኩሽኔታው (ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ተሽከርካሪ ቀለበት) ተበልቷል፣ ጠዋት ፍሪሲዮን ስረግጥ ይጮሃል ስለቀው ይተዋል። ለሱ ብቻ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑን) ማስወረድ የእጅ ዋጋው ከእቃው ስለሚበልጥ ሸራውንም አብሬ ላስቀይር ነው፣ ክረምት ሳይገባ።