371ዱ ፈረስ የት ነው ያለው? ከ14 ወር በኋላ

የጭነት መኪናውን ስገዛ ዓይኔ ያረፈው አንድ ቁጥር ላይ ነበር፦ 371 የፈረስ ጉልበት። ከዚህ በኋላ ዳገት የሚባል ነገር አበቃለት ብዬ ነበር። ይኸው 14 ወር ከነተሳቢው ነዳሁት፤ ብዙውን ጊዜ ከጎጃም እህል ጭኜ ወደ አዲስ አበባ። አሁን ቀድሜ የማየው ሌላውን ቁጥር ነው፦ 1500 ኒውተን ሜትር፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ1100 እስከ 1600 ዙር ሲዞር።

ይሄኛው ቶርክ ነው፤ የመጠምዘዝ ኃይል። የጎማ ብሎን አልፈታ ሲል ቁልፉ ላይ ቱቦ እንሰካ የለ? እሱ ነው። የፈረስ ጉልበት ደግሞ በዚያው ኃይል ምን ያህል ቶሎ እንደፈታኸው ይነግርሃል። ቶርኩን በዙሩ አባዝተህ ለ7024 ስታካፍል ፈረሱ ይወጣል። 1400 ዙር ላይ 300 ገደማ ነው። 371ዱን የምታገኘው 2200 ላይ ብቻ ነው። እዚያ ደግሞ ቶርኩ ወደ 1180 ወርዷል፣ ሞተሩም ይጮሃል። እኔ እዚያ የምደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ይሄ የገባኝ ዓባይ በረሃ ላይ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ወር። 400 ኩንታል ይዤ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን እየወጣሁ ነበር። «ቶርክ አለው፣ ይጎትታል» ብዬ ማርሽ ሳልቀንስ ቆየሁ። ዙሩ ወረደ፦ 1300፣ 1100፣ 900። ካቢኑ ተንቀጠቀጠ። ልቀንስ ፍሪሲዮን ስረግጥ መኪናው ቀጥ አለ። ረዳቴ ጎማ ሥር የሚገባውን ታኮ ይዞ ዘለለ። በአንደኛ ማርሽ ለመነሳት ስታገል የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ካቢኑን ሞላው። ጥፋቱ የራሴ ነው። ከ1100 በታች ዙሩም ቶርኩም አብረው ይወርዳሉ፤ ሁለቱ ሲባዙ ምን ይተርፋል?

ሜዳ ላይ ግን ያ ቶርክ ምቾት ነው። 1300 ላይ ትንሽ ጉብታ ብታገኝ ማርሽ ሳትነካ ታልፋለህ። ረጅም ዳገት ላይ ፍጥነትህን የሚወስነው ፈረሱ ነው። ስለዚህ ዙሩ ከ1300 በታች እስኪወርድ አልጠብቅም፤ ማርሽ እቀንሳለሁ። ዙሩ ወደ 1700 ይወጣል፣ ፈረሱ ይጨምራል፣ ጎማው ጋ የሚደርሰው ቶርክም ይበዛል። ያም ሆኖ ሙሉ ጭነት ይዤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምወጣው። በ371 የሚበር መኪና የጠበቀ ሰው ይህን ይወቅ።

አሁን ረዳቴ ዳገት ስንጀምር ዓይኑን ከዙር ቆጣሪው ላይ አይነቅልም። ቀስቷ 1300 ስትጠጋ «ቀንስ!» ይለኛል። ታኮው ግን አሁንም እግሩ ሥር ነው።