የማውንት ቨርነን የውሃ ወፍጮ

በቨርጂኒያ፣ ከመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ ከማውንት ቨርነን ወደ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ይህ ወፍጮ ቤት ጉብኝት የሚገባው ነው። ዋሽንግተን የአባቱ ወፍጮ ስላረጀበት በ1771 እ.ኤ.አ. አካባቢ አዲስ ያሠራ ሲሆን፣ ዛሬ የቆመው ሕንፃ ግን በ1930ዎቹ እንደገና የታነጸ ነው።

ከሁሉ የማረከኝ በ1791 የተተከለው የአሜሪካዊው የፈጠራ ሰው የኦሊቨር ኢቫንስ ሥርዓት ነው፤ የውሃው መንኰራኩር የወፍጮውን ድንጋይ ብቻ ሳይሆን፣ እህሉን በትናንሽ ባልዲዎች ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣውን ቀበቶ፣ ትኩሱን ዱቄት በትኖ የሚያቀዘቅዘውን መቅዘፊያና ወንፊቱን ጭምር ስለሚያንቀሳቅስ፣ የሰው ጫንቃ ከብዙ ሸክም ዐርፏል። የሞቀ ዱቄት ሳይበርድ ቢታሰር እንደሚበላሽ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

የዱቄቱን በርሜሎች የሠሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ስለነበሩ፣ ጎብኚ ስለ እነርሱም አስጎብኚውን ቢጠይቅ መልካም ነው።