ፕሮፌሰር ቭላዴታ የሮቲችን ላመስግን፣ ለእናንተም ልጠቁም

የማመሰግናቸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 አርፈዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ያዙ አልላችሁም። ትምህርታቸው ግን ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ ያውም በነፃ። በተለይ ዩጎዝላቪያ ተምራችሁ የመጣችሁና ሰርቢያኛው ያልጠፋባችሁ፣ ይሄ ጥቆማ ለእናንተ ነው።

ፕሮፌሰር ቭላዴታ የሮቲች የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 የሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ተወለዱ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ሕክምናም እዚያው ተማሩ። ከዚያ ስዊዘርላንድ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ሄደው ሳይኮቴራፒ አጠኑ። ሰውን ቁጭ ብሎ እያናገሩ ማከም ማለት ነው። ከ1961 እስከ 1985 በቤልግሬዱ ድራጊሻ ሚሾቪች ሆስፒታል የሳይኮቴራፒ ክፍሉን መርተዋል። በአገራቸው ለዚህ ሙያ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ናቸው።

እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ዕድሜያቸው 60 ከደረሰ በኋላ፣ ሌላው ጡረታ በሚያስብበት ሰዓት፣ በቤልግሬድ የኦርቶዶክስ ቴዎሎጂ ፋኩልቲ መምህር ሆኑ። ፋኩልቲው በ1952 በሶሻሊስቱ መንግሥት ዘመን ከዩኒቨርሲቲው ተባሮ ነበር። የተመለሰው በ2004 ነው። ሰውየው እንግዲህ ለክብርም ለሹመትም የማይመች ቦታ ነው የሄዱት። ያስተማሩት የእረኝነት ሥነ ልቦና ነው። ነገ ካህን ሆኖ የሰው ጭንቀት የሚሰማ ወጣት፣ የሰው አእምሮ እንዴት እንደሚታመም ይማር ነበር።

ይሄ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ሲታመም ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጸበል አለ፣ ግማሹ ሐኪም ቤት። አንድ አጥማቂ ክኒኑን ጣሉት አሉን። አንድ ሐኪም ደግሞ ጸበል ስንል ሳቀብን። ልጁ መሐል ላይ ቀረ። ያን ሰሞን ነው የፕሮፌሰሩን ትምህርት ማታ ማታ መስማት የጀመርኩት። እሳቸው ሐኪም ናቸው፣ አማኝም ናቸው፣ በሁለቱም አያፍሩም። ጤነኛ ሃይማኖተኛነት አለ፣ የታመመም አለ ይላሉ። እምነት ሰውን ሊያሳድገው ይችላል። ሰውዬው በፍርሃትና በጥፋተኝነት ስሜት ከተያዘ ደግሞ ያው እምነት መደበቂያ ይሆንበታል። ይህን ለእህቴ በራሷ አነጋገር ሳስረዳት ሰማችኝ። ንስሐ አባታችንም ደግ ሰው ናቸው፣ «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ፣ ምን ችግር አለው» አሉ። አሁን ልጁ ክትትሉን አላቋረጠም። ምስጋናዬ ለዚህ ነው።

ሌላ የወደድኩላቸው ሐሳብ አለ። በእያንዳንዳችን ውስጥ ሦስት ሰው አብሮ ይኖራል ይላሉ፤ አረማዊው፣ የብሉይ ኪዳኑና የአዲስ ኪዳኑ። አንዱ መጥቶ ሌላውን አያስወጣውም። ተጠምቄያለሁ፣ ጨርሻለሁ ለሚል ሰው ጥሩ ማስጠንቀቂያ ነው። አብዝቶ የሚጾም ጎረቤት በትንሽ ነገር ለምን እንደሚቆጣም ያስረዳል (የእኛ ሰፈር ሰዎች፣ ማንንም አልጠቀስኩም)።

እንከን የለባቸውም አልልም። ከሩሲያዊው ደራሲ ከዶስቶየቭስኪ ወደ ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ወደ ዩንግ፣ ከዩንግ ወደ ቅዱሳን አባቶች ሲዘሉ ሐሳቡ ያመልጣችኋል። ቸኩሎ መልስ የሚፈልግ ሰው ይሰለቻል። ደግሞም ትምህርት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ሰው ታሞባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ይሄ ማታ ይደርሳል።

መጀመር ለምትፈልጉ፣ ስለ ኒውሮሲስ (ሰውን በጭንቀትና በፍርሃት የሚይዝ የአእምሮ ችግር) ከተናገሩት ጀምሩ፣ ቀለል ይላል። ስማቸውን በላቲንም በሲሪሊክም ፊደል እየጻፋችሁ ፈልጉ። ቤልግሬድ ያላችሁ ልጆች ደግሞ በስማቸው የቆመ ተቋም አለ፣ ሥራዎቻቸውን ያሳትማል። እዚያ ላሉት ሠራተኞችም፣ ቅጂዎቹን ለሚጭኑት ለማላውቃቸው ሰዎችም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከቴዎሎጂ መምህሮቻችን ሰርቢያኛ የሚችል ካለ፣ ሁለት ሦስቱን ወደ አማርኛ ቢመልስልን እኔ በመተየብ አግዛለሁ።